ኤስኤስዲና የተመሰጠረ ፍላሽ ለቤትና ለድርጅት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምፒውተር ሲሰረቅ ወይም ሲበላሽ ዕቃው በገንዘብ ይተካል፤ በውስጡ የነበረው የሠርግ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የድርጅት የሒሳብ መዝገብ ግን አይተካም። ከዚህ በታች የተሰጡት መልሶች ሁሉ የሚነሡት ከዚህ ነው፤ ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ የኮምፒውተር ዲስክ ፍጥነትም ሆነ የምስጠራ ጥበቃ፣ ማለትም መረጃን ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ አድርጎ መለወጥ፣ ለባለቤቱ የሚጠቅመው መረጃው በሌላ ቦታ ሁለተኛ ቅጂ፣ ቁልፉም ከመረጃው የተለየ ማስቀመጫ ሲኖረው ብቻ ነው።

ኤስኤስዲ ከሃርድ ዲስክ የሚለየው በምንድን ነው?

ሃርድ ዲስክ መረጃን የሚይዘው በማግኔት በተለበጡና አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ በሚሽከረከሩ ሳህኖች ላይ ሲሆን፣ የተፈለገውን ፋይል ለማግኘት አንዲት ቀጭን ክንድ በሳህኖቹ ላይ ወዲያና ወዲህ መመላለስ ይኖርባታል። ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ፈጽሞ የለውም። መረጃው የሚቀመጠው ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የያዙትን ቻርጅ በማይለቁ ጥቃቅን ሴሎች ውስጥ ነው። ይህ ናንድ ፍላሽ የሚባለው ቴክኖሎጂ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጃፓኑ ቶሺባ ኩባንያ በፉጂዮ ማሱኦካ የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ዛሬ በስልካችን፣ በሜሞሪ ካርድ፣ በኪስ ፍላሽና በኤስኤስዲ ውስጥ የሚገኘው ይኸው ነው።

ልዩነቱ በሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ፍጥነት ነው፤ ሃርድ ዲስክ አንድን ፋይል ካለበት ቦታ ለማግኘት ወደ 10 ሚሊሰከንድ ሲፈጅበት ኤስኤስዲ ከአንድ ሚሊሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ያገኘዋል። ሁለተኛው ብዙ የማይነገርለት የአበላሸት ጠባዩ ነው። ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ ድምፅ ያሰማል፣ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንድ ፋይል አልከፍትም ይላል፤ ባለቤቱ ቸኩሎ ለመቅዳት ጊዜ ያገኛል። ኤስኤስዲ ግን ትናንት ማታ በደኅና ተዘግቶ ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሩ ጭራሽ ላያውቀው ይችላል። መውደቅንና መንገጫገጭን የሚችል መሆኑ ሰዎችን ስለሚያዘናጋ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ላፕቶፔ ተንቀራፍፏል። ራም ልጨምር ወይስ ኤስኤስዲ ላስገባ?

ማሽኑ አሁንም በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለኤስኤስዲ ነው። ዊንዶውስ ሲነሣ በጣም ብዙ ጥቃቅን ፋይሎችን ከየቦታው ያነብባል፤ የሃርድ ዲስኩ ክንድ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያዳግታት ይህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ለማረጋገጥ ታስክ ማናጀርን ከፍተው ፐርፎርማንስ የሚለውን ገጽ ይመልከቱ። ዲስኩ 100 ከመቶ ላይ ቆሞ ሜሞሪው (ራሙ) ግን ቦታ ካለው ችግሩ ዲስኩ ነው። ሜሞሪውም ሞልቶ ከሆነ ዊንዶውስ ያልተሸከመውን ሥራ ወደ ዲስኩ እያወረደ ስለሆነ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ያላቸው ላፕቶፖች አብዛኞቹ በዚህ ሁኔታ ላይ ይገኛሉ።

ሳታ፣ ኤም ዶት ቱ፣ ኤንቪኤምኢ ይባላሉ። ለእኔ ማሽን የሚገጥመው የትኛው ነው?

እዚህ ላይ ቅርጽና የመገናኛ መንገድ ይምታታሉ። ቅርጹ ወይ 2.5 ኢንች የሆነው የተለመደው ጠፍጣፋ ሳጥን ነው፣ ወይ ደግሞ ኤም ዶት ቱ የሚባለው እንደ ማስቲካ ልጥፍ የቀጠነ ሰሌዳ ነው፤ ከኤም ዶት ቱ የተለመደው መጠን 22 ሚሊሜትር ስፋትና 80 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ነው። የመገናኛ መንገዱ ደግሞ ሳታ ወይም ኤንቪኤምኢ ነው። ሳታ በሰከንድ ወደ 550 ሜጋባይት ሲደርስ፣ ኤንቪኤምኢ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባለው የኮምፒውተሩ የውስጥ መስመር በሦስተኛው ትውልድ ወደ 3,500፣ በአራተኛው ትውልድ ደግሞ ወደ 7,000 ሜጋባይት ይደርሳል።

ኤም ዶት ቱ የሆነ ሁሉ ኤንቪኤምኢ አይደለም፤ ብዙ ሰው ገዝቶ የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሰሌዳው ወርቃማ ጥርሶቹ ላይ ሁለት ቦታ የተጎረደ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሳታ ነው፣ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ግን ኤንቪኤምኢ ነው። አንዳንድ የላፕቶፕ ቀዳዳዎች አንደኛውን ብቻ ስለሚቀበሉ ከመግዛትዎ በፊት የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ይዘው የአምራቹን መመሪያ ይመልከቱ። ለጽሕፈት፣ ለኢንተርኔትና ለሒሳብ ሥራ ሳታው ከበቂ በላይ ነው፤ የኤንቪኤምኢ ፍጥነት በእርግጥ የሚታወቀው ትልልቅ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ነው።

1 ቴራባይት ብዬ የገዛሁት 931 ጊጋባይት ብቻ ያሳያል። ተታልያለሁ?

አልተታለሉም። አምራቹ የሚቆጥረው በ1,000 ሲሆን ዊንዶውስ የሚያካፍለው በ1,024 ነው። በዚሁ ስሌት 500 ጊጋባይቱ 465፣ 256ቱ ደግሞ 238 ሆኖ ይታያል።

በጣም ርካሽ የሆነ 2 ቴራባይት ፍላሽ አግኝቻለሁ። እውነተኛ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

ዋጋው ከሌሎቹ እጅግ የወረደ ከሆነ ሐሰተኛ ነው ብሎ መነሣት ይሻላል። በእነዚህ ፍላሾች ውስጥ ያለው ትክክለኛ ማስቀመጫ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ሆኖ ሳለ መቆጣጠሪያ ቺፑ ለኮምፒውተሩ ሐሰተኛ መጠን እንዲናገር ተደርጎ ተስተካክሏል። ሲሰካ 2 ቴራባይት ይላል፣ ፎርማትም ይደረጋል፣ ፋይልም ይቀበላል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን አዲሱ መረጃ በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይም የትም ሳይደርስ ይቀራል። የፋይሉ ስምና መጠን በቦታው ስለሚታይ ባለቤቱ ችግሩን የሚያውቀው ፎቶውን ወይም ፊልሙን ሊከፍት ሲሞክር ነው፤ ያን ጊዜ ከካሜራው ወይም ከስልኩ ላይ ዋናውን አጥፍቶ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ ከፍላሹ ዋጋ በብዙ የሚበልጠውም ስለዚህ ነው።

መፈተሻው ነፃ ነው። በዊንዶውስ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው፣ በሊኑክስና በማክ ደግሞ ኤፍ ስሪ የሚባሉት ፕሮግራሞች ባዶውን ፍላሽ አስቀድሞ በሚታወቅ መረጃ እስከ ጫፉ ሞልተው መልሰው ያነብባሉ፤ የተጻፈውና የተነበበው ካልተመሳሰለ እውነተኛው መጠን ስንት እንደሆነ ይነግራሉ። ትልቅ ዲስክ ለመፈተሽ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ቢሆንም ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የመጣም ይሁን ከመርካቶ የተገዛ፣ አንድም ፋይል ሳይገባበትና መመለሻ ጊዜው ሳያልፍ መፈተሽ አለበት።

ኤስኤስዲ መረጃ ሲጻፍበት ሲጻፍበት ያልቃል ይባላል። ስንት ዓመት ያገለግለኛል?

እያንዳንዱ ሴል የሚሰረዝበትና የሚጻፍበት ጊዜ የተወሰነ መሆኑ እውነት ነው። በአንድ ሴል ሦስት ቢት (ቢት ትንሿ የመረጃ መለኪያ ናት) የሚይዘው ዓይነት ቲኤልሲ፣ አራት ቢት የሚይዘው ደግሞ ኪውኤልሲ ይባላል፤ በአንድ ሴል የሚታጨቀው ቢት በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል፣ ዕድሜውም አብሮ ይቀንሳል። አምራቾች ይህን የሚገልጹት በጠቅላላ ሊጻፍበት በሚችል ቴራባይት ነው። ለምሳሌ የሳምሰንግ 870 ኢቮ የ1 ቴራባይቱ ዲስክ ዋስትና 5 ዓመት ወይም 600 ቴራባይት ጽሑፍ ሲሆን፣ ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው ዋስትናውን ያበቃል። ኪውኤልሲ የሆነው 870 ኪውቮ ግን በዚያው መጠን 3 ዓመት ወይም 360 ቴራባይት ብቻ ነው።

ስሌቱን ከራስዎ ሥራ ጋር ያስተያዩት። በየቀኑ ሳያቋርጡ 50 ጊጋባይት ቢጽፉ፣ ይህም ለመኖሪያ ቤት እጅግ ብዙ ነው፣ 600 ቴራባይቱን ለመጨረስ 12,000 ቀን ወይም ከ32 ዓመት በላይ ይፈጅብዎታል። ስለዚህ የቤት ተጠቃሚም ሆነ አነስተኛ ቢሮ ጽሑፉ ያልቅብኛል ብሎ ሊሰጋ አይገባም። በተግባር ቀድሞ የሚበላሸው መቆጣጠሪያ ቺፑ ወይም በውስጡ ያለው ሶፍትዌር ነው፤ ይህ ደግሞ በዓመት አይቆጠርም። የደኅንነት ካሜራ ቀንና ሌሊት የሚቀዳበት ዲስክ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ጽሑፉ ስለማይቆም ለዚሁ ሥራ የተሠራ ሃርድ ዲስክ ይመረጣል።

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ ቢሄድ ይጠቀማል። ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ምን ያህል እንደተጻፈበትና ቀሪ ጤንነቱ ከመቶ ስንት እንደሆነ ሻጩ ፊት ወዲያው ያሳያል።

መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ቦታ ኤስኤስዲ ይጎዳል?

ሊጎዳ ይችላል። ኤስኤስዲ እያንዳንዱ መረጃ በየትኛው ሴል እንደተቀመጠ የሚያሳይ ዝርዝር ይይዛል፤ በአገልግሎት ላይ ሳለ የዚህ ዝርዝር አንድ ክፍል ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በሚጠፋ ሜሞሪ ላይ ይቆያል። መብራቱ በመጻፍ ላይ እያለ ድንገት ከሄደ ቢያንስ በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል ይበላሻል፣ በክፉ አጋጣሚም ዲስኩ ዳግመኛ ላይነሣ ይችላል። ለሰርቨር የሚሠሩት ኤስኤስዲዎች የጀመሩትን ጽፈው እስኪጨርሱ የሚበቃ ኃይል የሚያቆዩ ካፓሲተሮች ስላሏቸው ዋጋቸው ከፍ ይላል።

ላፕቶፕ ባትሪው ደኅና እስከሆነ ድረስ የተጠበቀ ነው። ዴስክቶፕ ላይ፣ በተለይም ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ተጭኖበት ሌሎች ኮምፒውተሮች ሁሉ በኔትወርክ በሚጠቀሙበት ማሽን ላይ፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠው ዩፒኤስ ከዲስኩ እኩል የሚታይ አስፈላጊ ዕቃ ነው። የዩፒኤሱ ባትሪ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለሚደክም ማሽኑን በደኅና ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ እንደሚሰጥ በየጊዜው መፈተሽ ያስፈልጋል።

ፎቶዎቼን በኤስኤስዲ ላይ ቀድቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ለዓመታት ባስቀምጥስ?

አይመከርም። በሴሎቹ ውስጥ ያለው ቻርጅ ቀስ በቀስ ይመናመናል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ጄዴክ የተባለው የኢንዱስትሪው የደረጃ አውጪ አካል ለግል ኮምፒውተር የሚሠራ ኤስኤስዲ የመጻፍ ዕድሜውን ከጨረሰ በኋላ ያለ ኤሌክትሪክ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መረጃውን ለአንድ ዓመት እንዲያቆይ ይጠይቃል። አዲስ ዲስክ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ቢሆንም ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ ሃርድ ዲስክ ይሻላል፤ ኤስኤስዲም ሆነ ፍላሽ ከተቀመጠ በየጥቂት ወሩ ሰክቶ ፋይሎቹ መከፈታቸውን ማየት ይገባል። ርካሽ ፍላሽ ላይ ብቻ የተቀመጠ የቤተሰብ ፎቶ፣ በእኔ እይታ፣ ገና አልተቀመጠም።

የጠፋ ፋይል ከኤስኤስዲ ይመለሳል? ኮምፒውተሬን ስሸጥስ መረጃዬን እንዴት ላጥፋ?

ሁለቱ ጥያቄዎች የአንድ ነገር ሁለት ገጽታዎች ናቸው። ዊንዶውስ ከውስጥ ኤስኤስዲ ላይ ፋይል ሲሰርዝ ትሪም በሚባል ትእዛዝ ቦታው እንደማያስፈልግ ለዲስኩ ይነግረዋል፤ ዲስኩም ያንን ቦታ በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። ስለዚህ በሃርድ ዲስክ ላይ የለመድነው በሶፍትዌር ፋይል የመመለስ ሥራ በኤስኤስዲ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬ አይሰጥም። የኪስ ፍላሽ ግን ትሪምን አብዛኛውን ጊዜ ስለማይቀበል የተሰረዘው ፋይል ውስጡ እንዳለ ይቆያል፣ በቀላልም ይመለሳል። በአንድ ቢሮ ደመወዝ ዝርዝር ተይዞበት የተሰረዘ ፍላሽ ለሌላ ሠራተኛ ሲሰጥ ዝርዝሩም አብሮ ሄዷል ማለት ነው።

በላዩ ላይ ደጋግሞ መጻፍ የሚለው የድሮ ዘዴም አያስተማምንም፤ ዲስኩ ሴሎቹ እኩል እንዲያረጁ አዲሱን ጽሑፍ ወደ ሌላ ሴል ስለሚያዞረው አሮጌው በነበረበት ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ያሉ ተመራማሪዎች ኤስኤስዲዎችን ፈትሸው፣ ነጠላ ፋይልን ለማጥፋት ከሚያገለግሉት የሃርድ ዲስክ ዘዴዎች አንዱም እንዳልሠራ አሳይተዋል። የሚሻለው መንገድ ሁለት ነው፦ በአምራቹ ፕሮግራም ወይም ኮምፒውተሩ ሲነሣ ቀድሞ በሚሠራው ባዮስ በኩል መላውን ዲስክ ማጽዳት፣ ከዚያም የተሻለው ደግሞ ዲስኩን ከገዙበት ቀን ጀምሮ መመስጠር። የተመሰጠረ ዲስክ ቁልፉ ሲደመሰስ የቀረው ሁሉ ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ይሆናል።

ዊንዶውሴ ፓስወርድ አለው። ምስጠራ ለምን ያስፈልገኛል?

የዊንዶውስ ፓስወርድ ዲስኩን አይጠብቀውም። የፊት በሩ ተቆልፎ ጓሮው አጥር እንደሌለው ግቢ ነው፤ ሌባው ዲስኩን ፈትቶ በዩኤስቢ ገመድ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ቢያገናኘው ፎልደሮቹን ሁሉ ያለ አንዳች ጥያቄ ያያል። ፎልደር መደበቅም እንዲሁ ነው።

ምስጠራ ሲደረግ ግን እያንዳንዱ ቢት በዘፈቀደ በተፈጠረ ረጅም ቁልፍ ተለውጦ ይጻፋል። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ስልት ኤኢኤስ ሲሆን፣ ጆአን ዳመንና ቪንሰንት ራይመን የተባሉ ሁለት ቤልጂጋውያን የነደፉትና የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2001 ደረጃ አድርጎ ያጸደቀው ነው። እርስዎ የሚያስገቡት ፓስወርድ መረጃውን ራሱን አይመሰጥርም፤ የሚቆልፈው ያንን ረጅም ቁልፍ ነው። ፓስወርድ ሲቀይሩ መላው ዲስክ እንደገና መመስጠር የማያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ስልቱን ሰብሮ የሚገባ የለም፤ የሚሰበረው ደካማው ፓስወርድ ነው።

በሶፍትዌር ልመስጥር ወይስ ራሱ የሚመሰጥር ፍላሽ ልግዛ?

ለቤትና ለአብዛኛው አነስተኛ ድርጅት ሶፍትዌሩ በቂ ነው። በዊንዶውስ ፕሮ ቢትሎከር፣ በማክ ፋይልቮልት፣ በሊኑክስ ሉክስ አብረው ይመጣሉ፤ ቬራክሪፕት ደግሞ በሦስቱም ላይ በነፃ ይሠራል። ዊንዶውስ ሆም በቢትሎከር የተመሰጠረ ፍላሽ ይከፍታል፣ አዲስ ለመመስጠር ግን አይችልም። ቬራክሪፕትን በሰው ኮምፒውተር ላይ ለመክፈት የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህ ፈቃድ ስለማይገኝ ተጠቃሚው ይቸገራል።

ምስጠራውን በራሱ ቺፕ የሚሠራው ፍላሽ ጠቃሚ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የኪንግስተን አይረንኪ፣ የአፕሪኮርን ኤጊስና የአይስቶሬጅ ዳትአሹር ምርቶች በዚህ ምድብ ይገኛሉ። አንዳንዶቹ በላያቸው ላይ ቁጥር መንኪያ ስላላቸው የሚስጥር ቁጥሩ በኮምፒውተሩ ኪቦርድ ጨርሶ አያልፍም፤ ኪቦርድ የሚሰልል ቫይረስ ሊይዘው አይችልም። አብዛኞቹ የተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ 10 ጊዜ፣ ከተሳሳቱ ውስጡን ያጠፋሉ። ዋጋቸው ከተራ ፍላሽ ብዙ እጥፍ ነው።

ይሁን እንጂ ማኅተም አይቶ ብቻ መተማመን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ሲስ የተባለ የጀርመን የደኅንነት ድርጅት፣ ፊፕስ 140 የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የምስጠራ ደረጃ ማረጋገጫ የነበራቸው የኪንግስተን፣ የሳንዲስክና የቨርባቲም ፍላሾች ፓስወርዱን የሚያረጋግጡት በኮምፒውተሩ ላይ በሚሠራ ፕሮግራም መሆኑንና ፓስወርዱ ምንም ይሁን ምን ለፍላሹ የሚላከው የመክፈቻ ምልክት አንድ ዓይነት መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በኔዘርላንድስ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ራሳቸውን ይመሰጥራሉ የተባሉ የክሩሻልና የሳምሰንግ ኤስኤስዲዎች፣ አንዳንዶቹ ያለ ፓስወርድ ሊከፈቱ እንደሚችሉ አረጋገጡ። በወቅቱ ቢትሎከር ዲስኩ ራሱ የሚመሰጥር ከሆነ ሥራውን ለእሱ ይተው ነበር፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ልማድ ቀይሮ ምስጠራውን በራሱ ሶፍትዌር እንዲሠራ አድርጓል። ለውስጥ ዲስክ የሶፍትዌር ምስጠራን የምመርጠው ስለዚህ ነው፤ ጉድለት ሲገኝበት በዝመና ይታረማል፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓይኖችም ያዩታል።

ፍላሼን በቢትሎከር እንዴት እመሰጥራለሁ?

መጀመሪያ በፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ሌላ ቦታ ይቅዱ። ከዚያ ፍላሹን በቀኝ ክሊክ ነክተው ተርን ኦን ቢትሎከር የሚለውን ይምረጡ፤ በፓስወርድ እንዲከፈት ያዝዙ። ቀጥሎ የመመለሻ ቁልፉን የት ላስቀምጥ ብሎ ሲጠይቅ ፕሪንት ያድርጉት ወይም በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ያስቀምጡት፤ በዚያው ፍላሽ ላይ ግን በፍጹም አያስቀምጡ። ከዚያ የሚመጣው ምርጫ ብዙ ሰው ሳያነብ የሚያልፈው ነው፦ የተያዘውን ቦታ ብቻ ልመስጥር ወይስ ሙሉውን? አዲስ ፍላሽ ከሆነ የመጀመሪያው ይበቃል። ሲሠራበት የቆየ ከሆነ ግን ቀደም ሲል የተሰረዙት ፋይሎች ውስጡ ስላሉ፣ ቢዘገይም፣ ሙሉውን ይምረጡ። በመጨረሻ ፍላሹ በተለያዩ ኮምፒውተሮች የሚሠራ ስለሆነ ኮምፓቲብል ሞድ የሚለውን ይውሰዱ። ሲጨርስ ነቅለው መልሰው ይሰኩና ፓስወርዱን ይሞክሩ።

ፓስወርዱ እርስ በርስ የማይያያዙ አራት ወይም አምስት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ተጽፈው ቢሆን ለማስታወስ ይቀላል፣ ለመገመት ይከብዳል። በግእዝ ፊደል እንዳይጽፉት፤ የአማርኛ ኪቦርድ በሌለበት ኮምፒውተር መክፈት ያቅትዎታል።

ፓስወርዱን ብረሳስ?

የመመለሻ ቁልፍ ከሌለ መረጃው የለም። ጠጋኝ፣ አምራች ወይም ማይክሮሶፍት የሚከፍትበት የጓሮ መንገድ የለም። ስቴፋን ቶማስ የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ 7,002 ቢትኮይን (በኢንተርኔት የሚሠራ ዲጂታል ገንዘብ) የሚከፍተውን ቁልፍ በአይረንኪ ፍላሽ ላይ አስቀምጦ ፓስወርዱን የጻፈበት ወረቀት ጠፋበት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ታሪኩ በስፋት ሲነገር ከተፈቀዱለት 10 ሙከራዎች 8ቱን ጨርሶ ነበር።

የቢትሎከር መመለሻ ቁልፍ 48 አኃዝ አለው። በሁለት ወረቀት ታትሞ አንዱ ከቤት ካርታና ከልደት ምስክር ወረቀት ጋር፣ ሌላው ከሌላ የሚታመን ሰው ዘንድ ቢቀመጥ ይበቃል። አዳዲስ ላፕቶፖች በዊንዶውስ 11 ሲነሡ ባለቤቱ ሳያዝዝ የውስጥ ዲስካቸው ሊመሰጠር እንደሚችልም ይወቁ። ላፕቶፑ ተጠግኖ ወይም ባዮሱ ተሻሽሎ ሲነሣ በሰማያዊ ገጽ ላይ 48ቱን አኃዝ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ለጥገና ከመስጠትዎ በፊት ቁልፉ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ። አካውንቱን ላፕቶፑን የሸጠልዎት ሰው በራሱ ስም ከፍቶት ከሆነ ቁልፉም ያለው እሱ ዘንድ ነው።

ምስጠራ ከቫይረስ ያድናል?

አያድንም። ፍላሹ ከተከፈተ በኋላ ለእርስዎ የተከፈተው ለቫይረሱም ተከፍቷል። ፋይሎችን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚተወው በኢንተርኔት ቤትና በፎቶ ኮፒ ቤት የተለመደው ቫይረስ የተመሰጠረውንም ፍላሽ ይይዛል። ለማተም ብቻ የሚሄዱ ከሆነ የሚታተመውን ፋይል በሌላ ባዶ ፍላሽ ይውሰዱ፤ ዋናው ቤት ይቅር።

ድርጅታችን ምን ዓይነት ደንብ ያውጣ?

ከሁለት እውነተኛ ታሪኮች መነሣት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በለንደን ከተማ አንድ መንገደኛ የሂትሮ አውሮፕላን ማረፊያ ንብረት የሆነ ፍላሽ አገኘ፤ ፓስወርድም ምስጠራም ስላልነበረው የጸጥታ ሰነዶቹ ሁሉ ይነበቡ ነበር። ጉዳዩ ወደ ጋዜጣ ደረሰ፣ በቀጣዩ ዓመትም የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ድርጅቱን 120,000 ፓውንድ ቀጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በጃፓን የአማጋሳኪ ከተማ ነዋሪዎችን፣ ወደ 460,000 የሚጠጉ ሰዎችን መረጃ የያዘ ፍላሽ አንድ የኮንትራት ሠራተኛ ሲጠጣ አምሽቶ ከነቦርሳው ጣለው። ያኛው ግን የተመሰጠረ ነበር፣ ቆይቶም ተገኘ። አሳፋሪነቱ አንድ ቢሆንም በነዋሪዎቹ ላይ የሚያደርሰው አደጋ በእጅጉ የተለየ ነው።

በኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ የሚይዝ አካል ሁሉ መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። በአውሮፓ ድርጅት ያላቸው ወገኖቻችን ደግሞ የኅብረቱ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ምስጠራን በስም እንደሚጠቅስ፣ የጠፋው መረጃ በሚገባ የተመሰጠረ ከሆነም ለእያንዳንዱ ባለ መረጃ የማሳወቅን ግዴታ እንደሚያስቀር ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለሒሳብ ቢሮ ደንቡ አጭር ቢሆን ይከበራል። የታካሚ፣ የተማሪ ወይም የደንበኛ መረጃ ከቢሮ የሚወጣው በተመሰጠረና ቁጥር በተሰጠው ፍላሽ ብቻ ነው፤ ማን እንደወሰደውና መቼ እንደመለሰው በመዝገብ ይጻፋል። የመመለሻ ቁልፎቹን ሥራ አስኪያጁና ሌላ አንድ ሰው ብቻ ይይዛሉ፤ የአይቲ ባለሙያው ብቻውን ይዞ ሥራ ሲለቅ ወይም ሲታመም ቢሮው ራሱ ከራሱ መረጃ ይቆለፋል። የጠፋ ፍላሽ በዚያው ቀን የተነገረ እንደሆነ ሠራተኛው እንደማይቀጣ በጽሑፍ ቢሰፍር ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ቅጣት የሚፈራ ሰው መጥፋቱን ይደብቃል።

ቅጂውን በተመለከተ በሙያው የታወቀው ልማድ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ የሚለው ነው። የፒችትሪ ባክአፕ በየቀኑ በዚያው ኮምፒውተር ዲ ድራይቭ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ይህ ቅጂ አይባልም፤ ዲ ድራይቭ ብዙ ጊዜ ያው አንዱ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ነው። ሁለት የተመሰጠሩ ሃርድ ዲስኮች ተገዝተው በሳምንት እየተቀያየሩ አንዱ ሁልጊዜ ከቢሮው ውጭ ቢያድር፣ ኮምፒውተሩ ቢሰረቅም ሆነ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ቢገባ ከአንድ ሳምንት ሥራ በላይ አይጠፋም።

የተመሰጠረውን ፍላሽ ስሰካ ፎርማት ይደረግ የሚል መልእክት መጣ። ምን ላድርግ?

ካንስል ይበሉ። በቬራክሪፕት ሙሉ በሙሉ የተመሰጠረ ፍላሽ ለዊንዶውስ ምንነቱ የማይታወቅ ዝብርቅርቅ ሆኖ ስለሚታየው ሁልጊዜ ይህን ይጠይቃል፤ ማክም ቢትሎከርን ስለማያውቅ ተመሳሳይ መልእክት ያወጣል። ፍላሹ አልተበላሸም፤ ቬራክሪፕትን ከፍተው በእሱ በኩል ማውንት ያድርጉት፣ ማለትም በፓስወርዱ ይክፈቱት። በስሕተት ፎርማት ተደርጎ ከሆነ ምንም ሳይጽፉበት ወዲያው ያቁሙ። ቬራክሪፕት የቁልፉን ሁለተኛ ቅጂ በተመሰጠረው ክፍል መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ኩዊክ ፎርማት ብቻ ከሆነ ሲከፍቱ ከማውንት ኦፕሽንስ ውስጥ በባክአፕ ሄደር እንዲጠቀም በማዘዝ የተወሰነውን መረጃ የማግኘት ዕድል አለ። ፍላሹን ለቤት ሰው ወይም ለቢሮ ባልደረባ ሲሰጡ ይህ መልእክት እንደሚመጣ አስቀድመው ይንገሩ፣ ቢቻል በፍላሹ ላይ ፎርማት አይደረግ ብለው ይለጥፉበት።